የአሰብ ሌባ በአዘዞ

በላቸው በዕድሜው ሙሉ አንድ ነገር ሰርቆ አያውቅም። በቴሌቪዥን ግን አሥራ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰርቋል።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ስርጭቱ ጥቁርና ነጭ ሳለ ነው። አሰብ ወደብ ላይ የመርከብ ጭነት የሚዘርፉ ሰዎችን መርማሪዎች ሲያሳድዱ የሚያሳይ ተከታታይ ድራማ ነበር። በላቸው የመጋዘን ሌባውን «ሰርሳሪው»ን አሳምሮ ተጫወተ፤ ማሳመሩ ጎዳው። አዲስ አበባ ቤት ሲከራይ አከራዮቹ የበር ቁልፍ ይቀይሩ ነበር። አርጅቶ ወደ ትውልድ አገሩ ጎንደር ሲመለስ ደግሞ ወጣቱ ድራማውን በስልኩ ማየት ጀምሯል። ፒያሳ ላይ ሲያልፍ ሴቶች ቦርሳቸውን ጠበቅ ያደርጋሉ።

ስለዚህ ደላላው ሙሉሰው አዘዞ ባለ የጭነት መጋዘን የጥበቃ ሥራ አገኘሁልዎት ሲለው፣ በላቸው የሚያሾፍበት መሰለው።

የመጋዘኑ ባለቤት ሸዋአየሁ ግን አላሾፈችም። ጫኞቹን ሰብስባ ቁልፉን በፊታቸው ሰጠችው።

«ሁላችሁም ስሙ! ከዛሬ ጀምሮ የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው ጋሽ በላቸው ጋ ብቻ ነው።»

በላቸው ዕንባው መጣ። ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲል ሰው አመነው። ከእንግዲህ ስሙ ሳይጎድፍ ቢቀበር ሌላ የሚመኘው አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት ከአዲስ አበባ አንድ ሳጥን መጣ። ከደባርቅ ወዲያ ያለ የአንድ ገጠር ደብር ጥንታዊ የብር መስቀል ነው፤ ለጥገና ሄዶ መመለሱ ነበር። ሾፌሩ ነጋ ሳጥኑን ሲያወርድ ቶሎ አላስቀመጠውም።

«ይህን የሚወስደው መቼ ነው የሚመጣ?»

«ሰኞ። ምነው ጠየቅህ?»

«እንዲያው ነው።»

ቅዳሜ ነጋ ተመልሶ መጣ። ጃኬት ረስቻለሁ ብሎ መጋዘን ልግባ አለ። በላቸው ከልክሎት ራሱ ገብቶ ቢፈልግ፣ ጃኬት የሚባል ነገር የለም። ነገሩ ስላልጣመው ለሸዋአየሁ ነገራት።

«ነጋን ለእኔ ይተዉት» አለችው። «ይልቅ ነገ እሑድ ነው፤ ሄደው ያስቀድሱ። በሩ ላይ እኔ እቀመጥልዎታለሁ።»

በላቸው ቁልፉን ኪሱ ከቶ ሄደ። በቅዳሴው መሐል ስሟን እየጠራ ጸለየላት።

ሰኞ የደብሩ ቄስ ወልደ ዮሐንስ መጡ። በላቸው መጋዘኑን ከፈተ። የበሩ ቁልፍ አልተነካም፤ ሳጥኑ ግን ባዶ ነበር። ቄሱ መሬት ላይ ዘፍ አሉ።

«ለሕዝቡ ምን ብዬ ልመለስ?»

ፖሊስ መጣ። በላቸው የነጋን ነገር ተናገረ። ነጋ እሑድ ማለዳ ወደ መተማ ጭኖ ወጥቶ ነበርና መኪናው ተፈተሸ፤ ምንም አልተገኘም። በላቸው «ለሌላ ሰው አሳልፎ ሰጥቶት ነው» ቢል ማን ይስማው! ከጫኞቹ አንዱ ለመርማሪው ቃሉን ሲሰጥ «ሰውዬው መጋዘን ሲሰርቅ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» አለ። የት እንዳየው ሲጠየቅ ስልኩን አወጣ። ጣቢያው በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁ በኋላም በላቸውን የለቀቀው አልነበረም።

ሸዋአየሁ እያለቀሰች ቃሏን ሰጠች። «ቁልፉ እሳቸው ጋ ብቻ ነበር። ምን ልበል?»

እውነቷን ነው፤ በላቸው አልተቀየማትም። እሑድ በሩ ላይ ማን ነበር ሲሉትም «እኔው ነበርሁ» አለ። ደግ የዋለችለትን ሴት በፖሊስ ጣቢያ ማንከራተት ነውር ሆነበት።

በሦስተኛው ቀን ሙሉሰው ዳቦ ይዞ ሊጠይቀው መጣ።

«አደራ፣ ከነጋ ላይ ዓይናችሁን እንዳትነቅሉ» አለው በላቸው። «ሸዋአየሁንም አጽናናልኝ። ፊቴን አይታ ያልፈረደችብኝ እሷ ብቻ ናት።»

ሙሉሰው ዳቦውን መስጠቱን ረሳው።

«አያ በላቸው፣ እሷ መቼ ጥበቃ ፈልግልኝ አለችኝ? ‹ያ በቴሌቪዥን የሚሰርቀው ሰውዬ ጎንደር ገብቷል አሉ፤ እሱን አምጣልኝ፣ ሌላ ሰው እንዳታመጣ› ነው ያለችኝ።»