ክፍት ሆኖ ሳለ "ዝግ ነው" የተባለው ቤት

"ዝግ ነው?! እኔ ውስጡ ቆሜ?!"

ሻለቃ ስልኳ ላይ ጮኸችበት።

ወታደር እንዳትመስላችሁ... የፅዳት ሠራተኛ ናት። ትልቁንም ትንሹንም "ጫማህን ጥረግ!" እያለች ስለምታዝ ነው ስሙ የወጣላት።

የምትሠራበት ቤት ደግሞ መራመድ ላቃተው ሰው ዊልቸርና ክራንች የሚሰጥ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በነፃ! አምስት ሳንቲም የለበትም!

ግን ሰው አይመጣም...

መጋዘኑ ውስጥ አርባ ሁለት ዊልቸር ተደርድሯል። እሷ አቧራቸውን ታራግፋለች፣ የሚቀመጥባቸው የለም።

ሊቀመንበሩም ቁርጡን ተናግሯል። "ፈላጊ ከሌለ ምን እንሠራለን? በወሩ መጨረሻ ይዘጋ።"

እና ያን ቀን ጠዋት፣ የታሸገ ውኃ የሚያከፋፍለው ሰውዬ ዕቃውን እንደተሸከመ በሩ ላይ ክው ብሎ ቀረ።

"እንዴ! አልተዘጋችሁም? እኔ እኮ አባቴን ሰባት ወር ሙሉ በጀርባዬ አዝዬ ነው የማንቀሳቅሰው! ያንን ጥያቄ የሚመልሰውን፣ ኤአይ የሚሉትን ስልኬ ላይ ብጠይቀው 'ተዘግተዋል' አለኝ!"

ሰውዬው ለአባቱ አንድ ዊልቸር ይዞ ሄደ። ሻለቃ ግን ደሟ ፈላ። ስልኳን አውጥታ ራሷ ጠየቀችው።

"ድርጅቱ በጣራ እድሳት ምክንያት ዝግ ነው" አላት... ያውም በትህትና!

ጣራው ከታደሰ እኮ ሁለት ዓመቱ ነው!

መወልወያዋን እንደያዘች ዌብሳይቱን የሠራው ባለሙያ ቢሮ ዘው።

"አንተ! ይሄ ስልክ ለምን ይዋሽብናል?"

"ሻለቃዬ፣ የእኛ ዌብሳይት እኮ በውበቱ የተሸለመ ነው!"

"ሽልማቱ ላይ ሰው ይቀመጥበታል?"

ባለሙያው ሳቀ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሲመለከት ግን... ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

ለካ እነዚህ ኤአዮች በየዌብሳይቱ እየዞሩ ፅሑፍ የሚለቅሙላቸው ማሽኖች አሏቸው። የዚህ ቤት አድራሻ፣ ስልክ ቁጥር፣ የሚሰጠው ዕቃ ሁሉ ያለው ደግሞ በሚያማምሩ ፎቶዎች ላይ ነው። ማሽኑ መጥቶ ፎቶ ላይ ያለውን ፅሑፍ ሳያነብ ያልፈዋል።

"ታዲያ ምኑን አንብቦ ነው ዝግ ነው የሚለው?"

ባለሙያው አንገቱን ደፋ። "በፅሑፍ የተቀመጠው አንድ ነገር ብቻ ነው... የጣራው ማስታወቂያ። ማንሳት ረስቼው።"

"በል ቁጭ በልና ፃፍ!"

እሱም የጣራውን ማስታወቂያ አነሳና መፃፍ ጀመረ። 'ድርጅታችን የእንቅስቃሴ ድጋፍ መሣሪያዎች አቅርቦትን...'

"ቁም!" አለች ሻለቃ። "እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የት አይተህ ታውቃለህ? እኔ ያንን በር ስወለውል አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሰው የሚለው 'እናቴ መራመድ አቃታት፣ ዊልቸር በነፃ ማን ይሰጠኛል?' ነው። እሱን ፃፍ። ከሥሩ 'እኛ እንሰጣለን፣ ክፍት ነን፣ ቦታው እዚህ ጋ ነው' በል። አለቀ!"

በር ላይ የሰማችውን ጥያቄ ሁሉ እያስታወሰች አስፃፈችው። አሥራ ዘጠኝ ጥያቄ!

በማግሥቱ ስልኳን ጠየቀች። "ዝግ ነው።"

በሦስተኛው ቀን... "ዝግ ነው።"

"ማሽኑ ዞሮ እስኪመጣ ጊዜ ይፈጃል" አላት ባለሙያው።

"ይዙር! እኔ እንደሆነ መጠየቄን አልተውም!"

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት፦ "አዎ፣ ክፍት ነው። ዊልቸር በነፃ ይሰጣሉ..."

ሻለቃ በደስታ ስትዘል ባልዲውን ደፋችው። ኮሪደሩ ጎርፍ ሆነ፤ ማን ሊቆጣት!

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። ሊቀመንበሩ የመዝጊያውን ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ ሰው በሩ ላይ ተሰልፏል።

"ይሄ ሁሉ ሰው ከየት መጣ?"

"ከስልኩ ውስጥ! ጫማህን ጥረግ!" አለችው ሻለቃ።

ይሄኔ አንድ ታክሲ ቆመ። ሾፌሩና አንዲት ልብስ ሰፊ፣ አንዲት አሮጊት በግራና በቀኝ ደግፈው አወረዱ።

ሊቀመንበሩ ፊቱ አመድ መሰለ።

"እማዬ?!"

"ውይ ልጄ! አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"እግርሽ... ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ስድስት ወር ሆነኝ።"

"በየእሑዱ እደውልልሽ የለም እንዴ!"

"ትደውላለህ እንጂ። 'ደህና ነሽ?' ትለኛለህ። እንዳትጨነቅብኝ 'ደህና ነኝ' እላለሁ። ትዘጋዋለህ።"

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታቸው ናት። "ከሁለት ወር በፊት ስልኬን ብጠይቀው ዝግ ነው አለኝ" አለች። "ትናንት ግን ክፍት ነው ሲለኝ ጊዜ በሉ ተነሱ አልኳቸው።"

"እማዬ፣ እኔ እኮ የዚህ ቤት ሊቀመንበር ነኝ! ምናለ ብትነግሪኝ?"

እናት ፈገግ አሉ። "አንተስ መቼ ነገርከኝ? 'ስብሰባ ላይ ነኝ' ነው የምትለኝ። የምን ስብሰባ እንደሆነ በምን አውቄ?"

ሻለቃ ዊልቸር አመጣች፤ እናትም ተቀመጡ። ሰውዬው ያ ሁሉ ሰው እያየው ተንበረከከ። የእናቱን እግር አንስቶ የዊልቸሩ መርገጫ ላይ ሊያስቀምጥ ሲል...

"መጀመሪያ ፍሬኑን ያዝ!" ብላ ሻለቃ አምባረቀችበት።

ፍሬኑን ያዘ። ከዚያ እግራቸውን አስቀመጠ።

"ደብዳቤውስ?" አለችው፣ ቀስ ብላ።

"የምን ደብዳቤ?" አለ... እንባውን በእጅጌው እየጠረገ።

ወገኖቼ... ማሽኑ አልዋሸም፤ የተፃፈለትን አነበበ። ልጅየውም ክፉ አልነበረም፤ የተነገረውን አመነ። ደግ ሥራ የምትሠሩ፣ ሥራችሁን ፈላጊው በሚገባው ቋንቋ ግልፅ አድርጋችሁ ንገሩ። የቸገራችሁም ችግራችሁን አትደብቁ። "ደህና ነኝ" የሚል ሰው ያላችሁ ደግሞ፣ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩት!

እስቲ በእውነት መልሱልኝ... በስልክ "ደህና ነኝ" የምትላችሁን እናታችሁን፣ ስትራመድ ያያችኋት መቼ ነው? 👇