ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት

«አዎ፣ ቁልፉን በእጄ ነው የሰጠችኝ» አለ ደግሰው። «ቤቷን ቆልፋ፣ አህያዋን ጭና፣ ደጄ ድረስ መጥታ ደህና ሁን ብላኝ ነው የሄደችው።»

ወለተሥላሴ ከጎኑ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እውነት ነው፣ ምን ሐሰት አለበት? ደግሰው አበልጇ ነው፤ የበኩር ልጁን ምስጋናውን ክርስትና ያነሳችው እሷ ናት። ለምስክርነት የጠራችውም ራሷ ናት። ትናንት ከሰቆጣ ስትደርስ ያደረችው እሱ ቤት ሲሆን፣ ሚስቱ እግሯን አጥባ፣ መደቡን ለቃላት ነበር ያደረችው።

ጉዳዩ የመሬቷ ነው። ጦርነቱ አፈናቅሏት አራት ዓመት ሰቆጣ ልጇ ዘንድ ከርማ ማሳዬን መልሱልኝ ብትል፣ «ጥለውት ስለሄዱ ለሥራ አጥ ወጣት ተሰጥቷል፤ አቤቱታ ካለዎት ምስክር ይዘው ይቅረቡ» ተባለች። ለማን ተሰጠ ብላ ያልጠየቀችው ሰው የለም። ሁሉም መልሱን ትቶ ስለ ዝናቡ ያወራላታል።

የምስክር ቃል የምትመዘግበው ሰርካለም የምትባል ልጅ ናት፤ ወደ ቀበሌው ከመጣች ሳምንት አልሞላትም። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠጋችው።

«እማማ፣ ዋናው ነገር ይኼ ነው። መሬቱን ትቶ የሄደ ሰው መብቱን ያጣል። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የሄደ ግን አያጣም። ከአቅም በላይ ማለት ደግሞ…» ጣቷን በመስመሩ ላይ ሳበች። «ሰው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችል፣ በድንገት የደረሰና ሊቋቋመው ያልቻለ ነገር ማለት ነው።»

«ታዲያ ጦርነት ነበራ! መድፍ እየተተኮሰ እኮ ነው የወጣሁት። ይኸው፣ እሱ ይንገርሽ።»

ሰርካለም ወደ ደግሰው ዞረች። «እማማ በወጡበት ዕለት ተኩስ ነበር?»

ደግሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ጋቢውን አስተካከለ።

«ተኩሱ ሩቅ ነበር» አለ። «እኔም ቀርቻለሁ፣ ጎረቤቱም ቀርቷል። እሷ ተዘጋጅታበት ነው። በድንገት የሚሸሽ ሰው ቤቱን ይቆልፋል? ቁልፍ ያስረክባል? ሰው ይሰናበታል? ሰቆጣ ልጇ ዘንድ ለመኖር አስባበት ነው የሄደችው።»

ጉድ በሉ እንግዲህ። ያን ዕለት ማለዳ ደጇን የደበደበው እሱ ነው። «አበልጄ፣ ባል የለሽ፣ ወንድም የለሽ፣ ዛሬውኑ ካልወጣሽ አትተርፊም፤ ቤቱን እኔ እጠብቅልሻለሁ» ያለው እሱ ነው። አህያዋን የጫነው እሱና ልጁ ናቸው። መሰናበቷስ ቢሆን፣ አበልጁን ሳይሰናበት የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው? በእምነት የሰጠችውን ቁልፍ፣ አክብራ ያደረገችውን ስንብት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ማስረጃ አደረገባት።

«ይመዝገብ» አሉ የቀበሌው መሬት ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ካሤ ፈጠን ብለው። የመሬት ተቀባዮቹ ዝርዝር በእሳቸው ክርን ሥር ተደፍቶ ተቀምጧል።

«እማማ፣ ለምስክርዎ ጥያቄ አለዎት?» አለች ሰርካለም።

ስንት ነገር ነበራት። ልጁ ቢመጣ ግን እውነቱን ይናገር ነበር፤ የአህያዋን ጭነት በገመድ ያሰረው በገዛ እጁ ነውና።

«ምስጋናው ለምን አልመጣም?» አለች። «ማታም አላየሁት።»

«ሥራ ላይ ነው።»

«የምን ሥራ?»

«ማሽላ እያረመ ነው።»

«የማንን ማሽላ?»

ደግሰው ወደ አቶ ካሤ ተመለከተ። ምስጋናው የራሱ መሬት እንደሌለው ታውቃለች። ደግሰውም ቢሆን ዘንድሮ ማሳውን ሁሉ ጤፍ እንደዘራበት ማታ ራት ላይ ሲያወራላት ነበር። አቶ ካሤ የዝርዝሩን ወረቀት ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። ማሽላው በማን ማሳ ላይ እንደበቀለ ያኔ ገባት።

ደግሰው ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። ሲመሰክር የዋለው በአማርኛ ነበር፤ አሁን ግን ዕድሜ ልካቸውን በሚያወሩበት በኽምጣንኛ፣ «የክርስትና ልጅሽ አይደለም እንዴ፣ አበልጄ?» አላት። «ባዳ ከሚወስደው ብዬ እኮ ነው።»

ልጇማ ነው። ማታ እግሯ ሲታጠብ እንዲህ ነው ብሎ ቢነግራት ኖሮ፣ ታለቅስ ነበር፣ ትሳደብም ነበር፣ ግማሹን ግን መርቃ ትሰጠው ነበር። አልነገራትም። እንጀራውን አብልቶ አሳድሮ፣ ጠዋት አብሯት መንገድ ወጥቶ፣ እዚህ አምጥቶ አረዳት።

አቶ ካሤ ኽምጣንኛው አፍ መፍቻቸው ነው፤ እንዳልሰማ ሰው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሰርካለም ቋንቋውን አታውቅም።

«ምን አሉዎት እማማ? ይጻፍ?»

«ተይው፣ የቤት ጉዳይ ነው» አለ ደግሰው ቀድሞ።

ዓይኑ ወለተሥላሴን ለመናት። አበልጅ የአበልጁን ገመና ይሸፍናል፤ የእሱን ቤት ገመና ሃያ ዓመት ሸፍናለች።

«ጻፊ ልጄ» አለች። አማርኛዋን ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል እየመረጠች ተናገረች። «መሬቱን የያዘው የምስክሩ ልጅ ነው። ስሙ ምስጋናው ደግሰው። ይኼን አሁን አባቱ ነገረኝ። ልጁን ክርስትና ያነሳሁትም እኔ ነኝ፤ እሱንም ጻፊው።»

ሰርካለም አቶ ካሤን አየች፣ ደግሰውን አየች፤ ከዚያ አቀርቅራ መጻፍ ጀመረች።

«አበልጄ» አለ ደግሰው ከጎኗ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ወለተሥላሴ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። በወዲያኛው ግድግዳ ሥር ወዳለው ባዶ አግዳሚ ሄዳ፣ ብቻዋን ተቀመጠች።