የሄስተር ጽጌረዳ

ሄስተር ዊንግፊልድ የምትንቃቸው ሰዎች ቁጥር ከኔዘርኮምብ መንደር ነዋሪዎች ቁጥር ይበልጥ ነበር፤ የሞቱትንም ትጨምራለችና።

የምትኮራው ግን በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደጇ ላይ ባለው ሮዝ ቀለም ጽጌረዳ። ቅድመ አያቷ የተከሉት ነው። ስም የለውም፣ በየትኛውም የአበባ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም። በሰኔ ግን መዓዛው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ይሄዳል። "በዓለም ላይ ያለው ይኼ አንዱ ብቻ ነው" ትላለች፣ ሰው ጠየቃትም አልጠየቃትም።

የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ቢተከል ያንኑ አበባ መልሶ ያበቅላል። ስለዚህ መንደሩ በሙሉ አንዲት ቁራጭ ለምኗት ያውቃል፣ መንደሩም በሙሉ ተዋርዶ ተመልሷል። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የጎረቤቷ የኦቤድ ሚስት ታማ አልጋ ላይ ዋለች። ኦቤድ ባርኔጣውን አውልቆ፣ "ሽታውን ትወደዋለች፣ አንዲት ቁራጭ ብቻ" ቢላት፣ "ጽጌረዳ የሳል መድኃኒት ሆኖ አያውቅም" ብላ በሩን ዘጋችበት። ሴትዮዋ በዚያው ዓመት ሞተች። ሄስተር ለቀብሩ ከሱቅ የተገዛ አበባ ላከች።

ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ የሄስተር ዳሌ ተሰበረና የብርዱን ወራት በሙሉ ሆስፒታል ተኛች። በፀደይ ስትመለስ ጽጌረዳው አጥሮና ቀጥኖ ጠበቃት። "ናፍቄው ከስቶ ነው!" አለች። በሁለተኛው ዓመት እንደ ጉድ አበበ። የቀረው ግቢዋ ቢጫ ሸክላ አፈር ነው፤ ጽጌረዳው ሥር ያለው አፈር ግን ጥቁርና ለም ነው። "የሠላሳ ዓመት ልፋቴ ነው፤ ሌላው ሰው እጁን አጣጥፎ አበባ ይጠብቃል" እያለች ለእንግዳ ታሳያለች።

ዘንድሮ፣ የመንደሩ ግቢዎች ሁሉ ለጎብኚ ክፍት በሚሆኑበት የሰኔ እሑድ፣ ነፋሱ ዞረ። መዓዛው ከደጇ ሳይሆን ከኦቤድ መጋዘን ጀርባ መጣ። ሄስተር ሲኒዋን አስቀመጠች። በሰባ ስድስት ዓመቷ ወንበር ላይ ወጥታ በአጥሩ ላይ አጮለቀች።

ያው ሮዝ፣ ያው ድርብርብ አበባ፣ የሷኑ ያህል የገዘፈ።

"ሌባ!" ብላ ጮኸች። ጎብኚዎቹ ኬካቸውን እንደያዙ ዞሩ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሆነው ከመጋዘኑ ጀርባ ቆሙ፤ ሄስተር፣ ኦቤድና የአትክልተኞች ማኅበር ሊቀመንበር ዶርካስ። ሄስተር ሆስፒታል በነበረችበት ጊዜ የቤቷን ቁልፍ ይዛ ስትጠብቅላት የነበረችው ይህችው ዶርካስ ናት።

"ሰርቀሃል አልሰረቅህም?" አለች ሄስተር።

"ሰርቄያለሁ" አለ ኦቤድ። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ ወሬ አያበዛም። "አንዲት ቁራጭ። ለባለቤቴ ነበር። አበባውን ሳታይ ሞተች።"

"ሰማሽው ዶርካስ? አያፍርም እኮ! የስንታችንን ደብዳቤ ከፍቶ አንብቦ ይሆን!"

"ኧረ ተይ ሄስተር!"

"ነቅሎ ያቃጥለው። ዛሬውኑ! አለዚያ ከማኅበሩ ይባረር።"

ኦቤድ አካፋውን ተደገፈ። "እኔን ይቅር ባይሉኝም እሱ ይኑር፣ ወይዘሮ ሄስተር። አንድ ብቻ የሆነ ነገር በአንድ ብርድ ያልቃል" አላት።

"የኔ የመቶ ዓመት ብርድ አሳልፏል! ስለ ገዛ ጽጌረዳዬ አንተ ልታስተምረኝ?"

"እሺ። ይኼን ብቻ ነው የማቃጥለው?"

ሄስተር ዓይኗን አጠበበች። "ሌላም አለ እንዴ?"

"ከዚህ ላይ ቆርጬ ያበቀልኩት አንድ አለ።"

ዶርካስ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። አንገቷንም ደፋች።

ሄስተር ይህን አየችና ልቧ በደስታ ዘለለ። እንዴት እስከ ዛሬ ሳትጠረጥር ቀረች! ለካ ዶርካስ አምና "ጉልበቴን አመመኝ" ብላ ግቢዋን ለጎብኚ ያልከፈተችው ለዚህ ነው። ጉልበቴን አመመኝ! አዬ ጉድ!

"እሱም ይነቀላል" አለች።

"ሄስተር፣ በእናትሽ!" ዶርካስ እጇን ያዘቻት። "እሱን ተይው። ይኼኛው ይበቃል፣ እለምንሻለሁ።"

"አንቺማ ትለምኛለሽ እንጂ! ሊቀመንበር ተብዬ!" እጇን መንጭቃ ወደ ኦቤድ ዞረች። "የት እንዳለ ደንታ የለኝም። የፈለገው ሰው ደጅ ይሁን። ከሰረቅከው ቁራጭ የበቀለ አንድም እንዳይቀር። ቃልህን ስጠኝ!"

"አንድም?"

"ጆሮህም ተበላሸ? አንድም!"

"ቃሌ ነው" አለ ኦቤድ። አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ደብዳቤ ሳያደርስ ቀርቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ቁፋሮው ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሄስተር ወንበሯን አስመጥታ ተቀምጣ አየች። ኦቤድ ጽጌረዳውን ከነአበባው ጎትቶ አወጣና ጋዝ አርከፍክፎ ለኮሰው። ሲነድ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ለቁጥቋጦ ባርኔጣ ያወልቃል!" ብላ ሳቀች ሄስተር። ዶርካስ ታለቅስ ነበር። "እንባሽን ቆጥቢው የኔ እመቤት፣ ገና ነው።"

ኦቤድ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። ሄስተር ምርኩዟን እያንኳኳች ተከተለችው፤ ዶርካስ በገዛ ግቢዋ ስትዋረድ ማየት አለባት። መንገዱ ላይ ሲደርሱ ኦቤድ ወደ ቀኝ ታጠፈ።

"የሷ ቤት በግራ ነው እኮ፣ አንተ ጅል!"

ኦቤድ የሄስተርን የእንጨት በር ከፍቶ ገባና ደጇ ላይ ካለው ጽጌረዳ ሥር አካፋውን ሰካ።

"የእርስዎማ ሆስፒታል ሳሉ በብርዱ ሞቶ ነበር፣ ወይዘሮ ሄስተር።"