ከሃያ ዐሥራ ስምንት

«ራስሽን ከሃያ ስንት ትሰጫለሽ?» ይላል ከኮርስ ሥራዬ ጋር የምልከው ቅጽ። አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ያነብባል። «ዐሥራ ስምንት በይ፣ ሳያት» ይለኛል። «ሃያ ካልሽ ትዕቢት ነው፤ ዐሥራ ሁለት ካልሽ ደግሞ ያምኑሻል።»

ነገሩን ያውቅበታል። አባቴ አቶ አምባዬ ጡረታ እስኪወጣ ሃያ ዓመት ሙሉ በመሥሪያ ቤቱ ሲገመገም ኖሮ አንድም ጊዜ ከወንበሩ አልተነሣም። «ግለ ሂስ ጥበብ አለው» ይላል። «ትንሿን ጥፋት ራስሽ ታወጪና ትልቋን ትሸፍኚባታለሽ።» ልስቅም አልተመቸኝ። እስከ ዐሥር ሰዓት ካልላክሁ ኮርሱን እደግማለሁ፤ አሁን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። የመቱ ከተማ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ኔትወርኩ መቼ እንደሚጠፋ እግዜር ይወቅ።

ሥራዬ የዐሥራ ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ነው። በበዓል ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያያቸው ፊልሞች ሴትን እንዴት እንደሚያሳዩ ይተቻል። ዐሥራ አንድ ፊልም አየሁ። በዘጠኙ እናትየዋ ስም የላትም። አባት ስም አለው፣ ዘበኛው ስም አለው፣ ውሻው እንኳ ስም አለው። እሷ ግን «እማዬ» ናት፤ ትሪ ይዛ ትገባለች፣ ትሪ ይዛ ትወጣለች። ይህን ነቅሼ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ኮርቼበታለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

በፊልሞቹ መሀል የማስገባው ምስል ስላስፈለገኝ፣ እናቴን ሦስት ቀን ሳታውቅ ከኋላዋ ቀረጽኋት።

«ማሎ፣ እባክሽ እስቲ እኔም ልየው» እያለች ትገባለች። ቆሎ በትሪ ይዛለች። ትሪውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሶፋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። ፍላሹን ሰካሁና ከፈትሁላት።

አንዲት ሴት ጀሪካን አዝላ በግቢው ጭቃ ታልፋለች። «ይህች ሴት ማን ናት?» ይላል የኔ ድምፅ። «ማንም አይጠይቅም።»

«እውነት፣ ማን ናት አሮጊቷ?» ትላለች እናቴ። ወዲያው ሹራቡን አየችው፤ አሁንም የለበሰችው እሱኑ ነው። እጇን ወደ ጀርባዋ ሰደደች። «ጀርባዬ እንዲህ ጎብጧል እንዴ?»

«ዛሬ ነው የሰማሽው?» ይላል አባቴ።

አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ጎሬ ከተማ የነጋዴ መጋዘን ውስጥ ለዘጠኝ ዓመት ቡና አጎንብሳ የለቀመችው እኔ እንድማር ነው። ይህም ቪዲዮው ውስጥ የለም።

«ብትነግሪኝ ቀና እል ነበር» ትለኛለች። ቁጣ የለበትም። ምነው በተቆጣችኝ።

መጨረሻ ላይ የምስጋናው ዝርዝር ይመጣል። እናቴ ፊደል የቆጠረችው ማታ ትምህርት ነው፤ ጣቷን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስራ አንድ በአንድ ታነብባለች። «አም-ባ-ዬ።» አባቴ ራሱን ይነቀንቃል። «ጌ-ድዮን።» ላፕቶፕ ያዋሰኝ የክፍል ጓደኛዬ ነው። «ሁን-ዴ-ሳ።» ፊልሞቹን ፍላሽ ላይ የጫነልኝ ባለ ሱቅ ነው። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ይጠቁራል። ጣቷ እንደተቀሰረ ነው።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«ጥሩ ነው» ትላለች፤ ጣቷንም ትሰበስባለች።

ስሟን ለመጨመር አንድ መስመር ይበቃኛል። ላፕቶፑ ቪዲዮውን እንደገና አዘጋጅቶ እስኪጨርስ ግን አርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ ያለኝ ዐሥራ አምስት ነው። ቅጹ ላይ ግን መጻፍ እችላለሁ። የመጨረሻው ጥያቄ «ከሥራሽ የጎደለው ምንድን ነው?» ይላል። ጣቴ ፊደሉ ላይ ቆመ።

«የዝናብ ድምፅ ገብቶበታል በይ» ይላል አባቴ። «ትንሽ ናት። ታልፋለች።»

«የዝናብ ድምፅ ገብቶበታል» ብዬ ጻፍሁ። ከሃያ ዐሥራ ስምንት ሞላሁ፤ ላክሁት። ሄደ።

እናቴ ቆሎውን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ ባዶ ትሪዋን ይዛ ተነሣች። ጀርባዋን ሰጥታን ወደ በሩ ግን አልዞረችም። ከቤተ መቅደስ እንደሚወጣ ሰው ፊቷን ወደ እኛ አድርጋ፣ ቀና ብላ፣ በተረከዟ ደፉን እየዳበሰች ወደ ኋላዋ ወጣች።