በፋይሉ አናት ላይ ያለው ስም

ሽታው ከሚስቱና ከጓደኛው ጋር ለሰሊጥ መጋዘን የሠሩትን ፕሮግራም ሊገጥም መተማ ከወረደ ወዲህ ስልኩ አይነሳም። አባቱ አያ አራጋው ሊፈልጉት እዚያው ድረስ ወርደው ነበር። "አጣሁት" ብለው ተመለሱ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን ከአርዲቦ ወደ ሐይቅ ከተማ ይመጣሉ። ለምራታቸው ለሳምሪ በሶ ይዘው በራፉ ጥግ ይቀመጣሉ። ቤት ገብተውም ቆባቸውን አያወልቁም፤ ብርዱ ጠንቶባቸው ይሆናል ትላለች። እሷ ልትወልድ ተቃርባለች፤ እህል ግን አይወርድላትም።

ፕሮግራሙን የሚጽፉት ሦስት ነበሩ፦ ሽታው፣ ሳምሪ፣ ኩዌት ያለው የሽታው አብሮ አደግ ሀሚዱ። ሙሉው ሥራ በሦስቱም ኮምፒውተር ላይ አለ፤ አንዱ የለወጠውን ለሌሎቹ ይልካል። በእያንዳንዱ ፋይል አናት ላይ አንድ መስመር በራሱ ይታተማል፦ ስንተኛው እትም እንደሆነ፣ ማን እንደነካው፣ መቼ። ኮምፒውተሩ የተነገረውን ስም ያትማል እንጂ ማን እንደተቀመጠበት አይጠይቅም።

ሽታው አሮጌውን ኮምፒውተሩን ትቶ ነበር የሄደው። ሳምሪ በየገበያው ማለዳ እሱን ከፍታ አንዲት ነገር ታስተካክላለች፤ የሽታው ስም ይታተማል። ሽማግሌው ሲመጡ ታነብላቸዋለች።

"ሽታው አራጋው፣ ዛሬ ጠዋት።"

"ደህና ነኝ አይልም?"

"ሥራውን እንጂ ወሬ አይጽፍበትም፣ አባባ።"

"እናቱም እንዲያው ነበረች። ሥራ ከያዘች አፍ የላትም።"

ሳምሪ ፊቷን ታዞራለች። ሽማግሌ ማታለል ይከብዳል። ግን ተስፋቸው ከተቆረጠ አይተርፉም ብላ ፈርታለች።

አንድ ገበያ ታዲያ አሮጌው ኮምፒውተር ገና ሳይከፈት አያ አራጋው ቀድመው ደረሱ። እሷም የራሷን ከፍታ ከሌላ ቦታ የተላከ ሥራ ሲገባ አየች። የፋይሉን አናት አነበበች። ሽታው አራጋው፣ ትናንት ከሰዓት።

ወንበሩን ይዛ ቆመች።

"አባባ፣ ሽታው አለ። ይሄኛው እንኳ የእውነት ነው" አለችና ምላሷን ነከሰች።

"አላልኩሽም?" አሉ ረጋ ብለው። "በይ በሶሽን ጠጪ።"

ጠጣች። ደግማ በጠበጠች። እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር። አያ አራጋው ጨርሳ እስክታስቀምጠው አዩዋትና ከዘራቸውን ይዘው ወጡ።

ባጃጁ ጋ ሳይደርሱ ስልካቸው ጮኸ። ሀሚዱ ነበር።

"አየችው ወይ፣ አባባ?"

"አየችው፤ እህልም ቀመሰች። እስክትገላገል ድረስ በስሙ ጻፍላት፣ ልጄ፤ የቀበርኩትም እኔ ነኝ፣ መርዶውን የምነግራትም እኔው።"