አትንካኝ

በወረርሽኙ የተዘጋው ጂም ከሰባት ወር በኋላ በተከፈተበት ጠዋት፣ አንድ ወፍራም ነጋዴ አግዳሚው ላይ ተንጋሎ ብረቱን ወደ ደረቱ ሲያወርድ አናቱ ላይ የቆመውን አሰልጣኝ ሳል ተናነቀው። በሽታው ከለቀቀው ቆይቷል፤ ሐኪሙም «ነጻ ነህ» ብሎታል፤ ሳሉ ግን አልተወውም። የጂሙ ባለቤት ደግሞ፣ «አንድ ደንበኛ ከሸሸብኝ ከነሳልህ ትወጣለህ» ሲል አስጠንቅቆታል። ዋጠው፤ ደግሞ ዋጠው። በሦስተኛው አመለጠው።

በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ወደ በሩ ተግተለተሉ። የነጋዴው ክንድ በድንጋጤ ከዳው፤ ብረቱም ደረቱ ላይ ተጋደመ። አሰልጣኙ ሊያነሳለት እጁን ሲሰድ ሰውየው፣ «አትንካኝ!» ብሎ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ብረቱን ብቻ ነው የምይዘው።»

«አትንካኝ አልኩህ! ሌላ ሰው ጥሩልኝ!»

በሩ ላይ የተከመሩት፣ «ኧረ አንዳችሁ ድረሱለት!» እያሉ እርስ በርስ ተገፋፉ እንጂ ንቅንቅ ያለ የለም። ባለቤቱ በጭምብሉ ላይ መዳፉን ደርቦ፣ «ደንበኛው ያለህን ስማ፣ አንተ!» አለ።

«እሺ፣ ጋሼ» አለ አሰልጣኙ በትሕትና። ርቀት ለመጠበቅ ወለሉ ላይ እስከተለጠፈው ቢጫ መስመር ድረስ ወደ ኋላ ሄደና እጆቹን አጣምሮ ቆመ። ነጋዴው «ና» ሊለው አፉን ከፈተ፤ የሚጣራበት ትንፋሽ ግን አልነበረውም። አሰልጣኙም እስኪጠራው ድረስ ጠበቀ።