የአንኮበር ኩርባ

አቶ ደምሴ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤት የሚወጡት ለለቅሶ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ግን በአንኮበር ጠመዝማዛ መንገድ እስከ አልዩ አምባ በሞተር ሳይክል ሄደው ሲዞሩ ሊውሉ ማሰባቸውን ለልጃቸው ለሰብለ ነገሯት። ሳምንቱን ሙሉ ቀለደችባቸው።

«አባዬ፣ ለመሆኑ ፍሬኑ የት እንዳለ ታውቃለህ?»

«ቀስ ተብሎ ነው የሚኬደው» አሏት ጃኬታቸውን እየቦረሹ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሞተር ደጃቸው ላይ ቆመ። ነጂው ሄልሜቱን ሲያወልቅ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ወይዘሪት አስካለ ሆነው ተገኙ። ሌላ ሄልሜት ለአቶ ደምሴ አቀበሉና፣

«ደምሴ፣ ኩርባው ላይ ጥብቅ አድርገህ ያዘኝ» አሏቸው።

አቶ ደምሴ በሐፍረት ልጃቸውን አዩ። ሰብለ ቀረብ ብላ የአባቷን የሄልሜት ማሰሪያ አጠበቀችና፣

«እንዳትለቃቸው፣ እሺ?» አለቻቸው።